ጉዳዩ፦ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ሰውን በአገሩ ሲጠሩ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ ስለ አንድ ሳይንቲስት ሲጽፍ «ሂ ኢዝ ኤ ቻይኒዝ» አለ። መምህርቷ አረመችው። ልጁ ግን «አን አሜሪካን፣ አን ኢታሊያን ይባል የለ? ይሄ ምኑ ነውር ነው?» ሲል ጠየቀ። ወሬው ቤት ደርሶ «ልጆቻችን ምን ተሳደቡ?» ብላችሁ የደወላችሁልኝም ስላላችሁ ይህን ጻፍሁ። ማንም አልተሳደበም፤ የተቀጣም የለም።

በአማርኛ አሜሪካዊ፣ ቻይናዊ፣ ፈረንሳዊ ስንል አንዷ ቅጥያ ለሁሉም ትበቃናለች። እንግሊዝኛ እንዲህ አይመችም። «አሜሪካን» ለብቻው ቆሞ ሰው ይጠራበታል። በ«ኢዝ» የሚያልቁት እነ ቻይኒዝና ጃፓኒዝ ግን አንድን ሰው ለመጥራት ብቻቸውን ሲቆሙ የብዙ ሰው ጆሮ ይጎረብጣሉ፤ ሰውየው ቀርቶ አገሩ ብቻ የተጠራ ይመስላል። «ቻይኒዝ ፐርሰን» ቢሉ ይሻላል።

«ቻይናማን» ደግሞ ለይቶለት ስድብ ነው። «ፈረንችማን» ይባል የለም ወይ ብለው ልጆቹ መሟገታቸው አይቀርም (እኔም ተማሪ ሳለሁ ተሟግቻለሁ)። ነገሩ የሰዋስው አይደለም፣ ቃሉ ያሳለፈው ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የቻይና ሠራተኞች ሲናቁበት የኖረ ቃል ነው፤ ንቀቱም በ1882 እ.ኤ.አ. ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ እስከሚከለክል ሕግ ደርሷል። ማሳጠርም እንደዚሁ ነው። እንግሊዞች ራሳቸውን «ብሪት»፣ አውስትራሊያውያን «ኦዚ» ይላሉ፤ «ጃፕ» ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጥላቻ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። «ኦሪየንታል» (ምሥራቃዊ ማለት ነው) ለምንጣፍ ያስኬዳል፣ ለሰው አያስኬድም፤ አሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. ከፌዴራል ሕጎቿ አውጥታዋለች።

ከቃላቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሕዝብን በጅምላ የሚፈርጅ አነጋገር ነው። «እስያውያን ሒሳብ ይችላሉ» ሙገሳ ይመስላል። ሒሳብ የከበደው እስያዊ ልጅ ሲሰማው ግን ወቀሳ ነው፤ ጎበዙም ቢሆን ድካሙ ለዘሩ ተሰጠበት። መፈራረጁ የአንድ ወገን ብቻም አይደለም፦ ሳይሰናበቱ መውጣትን እንግሊዞች በፈረንሳዮች ስም ሲጠሩት፣ ፈረንሳዮች ደግሞ «እንደ እንግሊዝ ሹልክ ማለት» ይሉታል።

እንዲህ ያሉትን ቃላት ልጆቹ በአብዛኛው ከፊልምና ከጌም ይለቅማሉ። ቤት ውስጥ ስትሰሙ «ማን አስተማረህ?» ብላችሁ አታስደንግጧቸው፤ የደነገጠ ልጅ ቃሉን እናንተ ፊት ብቻ ይተወዋል። የት እንደሰማው አጫውቱትና ስለዚያ ሕዝብ ሊናገር የፈለገውን ስለ አንድ ሰው አድርጎ እንዲናገረው ጠይቁት።

ሰኞ የአገርና የዜጋ መጠሪያዎች የተጻፉበት ወረቀት በደብተራቸው ውስጥ ይመጣላችኋል። አብራችሁ አንብባችሁ፣ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ መልሱልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር