ከመስመሩ በታች ያለውን ለእማዬ አታንብብላት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እማዬስ? ሙሽራችንስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታውን በዚሁ ልለፈው፤ እሑድ የላክኸው መልእክት እንቅልፍ ነስቶኛል። «ዶላሩ ሲወደድ አንቺም ተወደድሽብን» ብለሃል። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ አነጋገሩ የአባባ ነውና። ቀጥሎ ተናደድሁ። ማታ ላይ ግን ቀኑን ስቆጥር ከመስቀል ወዲህ አንድም ቀን እንዳልደወልሁ አየሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ለጊዜው እንዲህ ብለህ ያዘው።

ገንዘቡ ማክሰኞ በባንክ ተልኳል። 600 ዶላር ነው። አምና በ57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር ከሐምሌ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ብሩ ሲቆጠር ብዙ ይመስላችኋል። የዘይቱና የጤፉ ዋጋም አብሮት እንደወጣ እሰማለሁ፤ ስለዚህ ከበረች እንዳትሉኝ። አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርጌ እናገራለሁ። ይህ ገንዘብ የእማዬ ዓይን ነው እንጂ የሠርጉ አይደለም። እማዬ፣ ይህ ሲነበብልሽ ምን እንደምትይ አውቃለሁ። «ዓይኔ ይቆያል፣ ሠርግ አይቆይም» ትያለሽ። አይቆይም! ቀኝ ዓይንሽ ላይ ነጭ ነገር ታየ ከተባለ እኮ ዓመት አለፈው። እንዝርቱን በዳበሳ ነው የምታሾሪው አሉኝ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነገር ነው። የደፈረሰውን አውጥተው በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባሉ፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ወንድሜ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ከመሐል ሜዳ በሞላሌ አድርገህ ደብረ ብርሃን ይዘሃት ውረድ። ጣርማ በር ስትደርሱ አንገቷን ሸፍንላት፤ ያ ጉም አጥንት ይገባል። ደግሞ ከገና በፊት ይሁን፣ ለጥር አታድርሰው። ድግስ ማለት ጭስ ነው፤ ከሕክምናው በኋላ ምድጃ ላይ ካጎነበሰች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጥር 25 ልጇ ስትዳር ከዳሱ መሐል በደንብ ቁጭ ብላ፣ ሙሽራዋን በመልኳ ትያት፤ በድምፅ ብቻ አትለያት።

እስኪ ስለ ሙሽራዋ ንገረኝ። ስወጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ነጠላዬን ይዛ ጥቂት ሮጠች። አሁን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የተላከባት ሴት ሆናለች! ሞላሌ ነው አይደል ልጁ? መምህር መሆኑን ወድጄዋለሁ። ግን ቁጡ ነው ወይስ ታጋሽ? መጠጥ ላይ እንዴት ነው? ሽማግሌዎቹ ይህን አይጠይቁም፤ ዘርና ከብት ይጠይቃሉ። አንተ ጠይቅ፤ ለብቻ ይዘኸው ወጣ በልና ጠይቅ። እኔን ያኔ የጠየቀልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ... ተወው፣ ዛሬ የእሷ ቀን ነው። የጠላው ብቅል ከወዲሁ ይበቀል። ጌሾውንም በጥር ዋጋ ከመግዛት አሁን ግዙት። ለሚዜዎቹ ልብስ ከእኔ አትጠብቁ፤ የሙሽራዋ ጫማ ግን ከእኔ ነው።

ዘፈን ቀርጸሽ ላኪልኝ ያለችውን ሰምቻለሁ። በስልክ የሚላክ ዘፈን ዳስ አይሞላም በላት። የሰፈሩ ሴቶች ከበሮውን ይምቱት፤ እማዬም ብትሆን አንድ ስንኝ አታጣም።

እስከዚህ ለእማዬ አንብብላት። ከመስመሩ በታች ያለው የአንተ ነው።

———

ድምፄ ጠፍቷል። የጠፋው የዘፈን ድምፄ ብቻ አይደለም፤ ልጄን «ተነሺ» የምልበት ድምፅ ጭምር እንጂ።

እዘፍንበት የነበረው ምግብ ቤት ጠባብ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ከጀርባዬ ይጮኻል፣ ሰዉ ከፊቴ ይጮኻል፣ እኔ ከሁለቱ በላይ መጮኽ አለብኝ። ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲህ ስል ሁለት ዓመት ከረምሁ። የአምባሰል ዜማ ጀምሬ ከፍ ያለውን ቦታ ስይዝ ድምፄ ሲሰነጠቅ ይሰማኝ ነበር፤ ማር በሎሚ እየጠጣሁ አለፍሁት። በመስቀል ማግስት ጠዋት ሚጣን ልቀሰቅስ አፌን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ሐኪሟ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብታ አሳየችኝ። ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ትንንሽ እብጠት አውጥተዋል። መጅ ነው አለችኝ። የአባባን ጣቶች ታስታውሳለህ? ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲሠሩ መወርወሪያው ያወጣባቸውን መጅ? ያው እሱ ነው፤ እኔ ጉሮሮዬ ውስጥ አወጣሁት። ብዙውን ጊዜ በዕረፍትና በድምፅ ልምምድ ይድናል፤ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው። ዕረፍት የምትለው ደግሞ ፍጹም ዝምታን ነው። ሹክሹክታ እንኳን አውታሩን ስለሚያደክም ከልክላኛለች።

ቅዳሜ ባዶ መድረክ አያበላምና ባለቤቱ በሳምንቱ ሌላ ዘፋኝ አመጣ። አልፈርድበትም። የሦስት ሳምንት ሒሳቤን አለመክፈሉን ግን እፈርድበታለሁ። አሁን አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ። ለአንሶላ ድምፅ አያስፈልግም። 600ው ዶላር ከዚያ ነው፤ ስለዚህ ማንም ድንኳን እንዳይከራይበት።

ከሚጣ ጋር በደብተር ነው የምናወራው። በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል አልቆጥርም ብላ ስታስለቅሰኝ የነበረችው ልጅ፣ እኔ በአማርኛ ብቻ ስለምጽፍ በሁለት ወር ማንበብ ለመደች። «ቁርስሽን ብዪ» የሚለውን አሁን ሳታየው ታውቀዋለች። አንዳንዴ ያላነበበች መስላ ደብተሩን ትገለብጠዋለች፤ የአሥር ዓመት ልጅ ናትና።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ። እማዬ በደወለች ቁጥር ስልኩን የምታነሣው ሚጣ ናት። «እማዬ ሥራ ላይ ናት፣ እማማ» እንድትል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ስትል እኔ እዚያው ሶፋ ላይ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እየነካው ተቀምጫለሁ። እማዬ ምን በላችሁ ትላለች፣ ብርዱ እንዴት ነው ትላለች፣ «ይህ ሥራ የሚባለው አይተኛም እንዴ?» ትላለች፤ ሁሉንም እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት ሳል አመለጠኝ። እማዬ ዝም አለች። ረጅም ዝም አለች። ከዚያ «ማን ነው የሳለው?» አለች። ሚጣ ዓይኔን እያየች «ቴሌቪዥኑ ነው» አለቻት።

ያቺን እኔ አላስተማርኋትም።

ዝምታ ምን እንደሚያደርግ የማላውቅ አይምሰልህ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ ተብሎ ስልካችሁ ሲቋረጥ፣ ሌሊት ሌሊት ቁጥርህን እየደወልሁ ያችን «አይገኝም» የምትል ሴትዮ ስሰማ ያደርሁ ሰው ነኝ። ይህንን ነው እኔው በእማዬ ላይ ያደረግሁት። ግን ምን ልበላት? ዓይኗን ይዛ የተቀመጠችን ሴት የልጅሽ ጉሮሮ ታመመ ልበላት? በዚያ ላይ «በድምፄ ልጄን አሳድጋለሁ» ብዬ ከቤት የወጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ አባባ ልጄ አዝማሪ ሆነች ብለው ሁለት ዓመት አላናገሩኝም።

የአዲስ አበባው ካሳንቺስ ፈረሰ አሉኝ፤ ያኔ እሠራበት የነበረው ቤትም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሁለት የቢራ ሳጥን ገጥሜ ሚጣን አስተኝቼ እወጣ ነበር። የመሲንቆ ድምፅ እያለ ትተኛለች፤ መሲንቆው ሲቆም ትነቃለች። የለበሰችው ባና የአባባ ነበር። ይህን አንተ አታውቅም፣ ደብረ ብርሃን ትማር ነበር። አራስ ሆኜ ልጅ ታቅፌ መሐል ሜዳ ስገባ ደጅ ላይ ቆመው አዩኝ፤ የአባቷን ስም አልጠየቁም። ወደ ውስጥ ገቡና ለገበያ ያዘጋጁትን አዲሱን ባና አምጥተው ሁለታችንንም አለበሱን። ያን ቀንም ቃል አልተናገሩም። እሱ ባና ዛሬ እዚህ አልጋዬ ላይ ነው። ማሞቂያው ስላለ አያስፈልግም፤ ግን ዝናብ በሆነ ቀን የበግ ጠረኑ ይወጣል፣ ሚጣም አፍንጫዋን ትይዛለች።

እሺ፣ ቁም ነገሩ። ሐኪሟ ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሮ በቀን አምስት ደቂቃ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። እሑድ ታኅሣሥ 6፣ በእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እደውላለሁ። ድምፅ ማጉያ አትክፈት፤ ስልኩን ከጆሮዋ አስጠጋላት። ሦስቱ ደቂቃ የእማዬ ነው፣ አንዱ የሙሽራዋ፣ አንዱ ያንተ። ድምፄ ይሻክራል፤ ጉንፋን ነው በላት። ካላመነችህ ግን አትማልላት፤ አንድ ውሸታም በቤታችን ይበቃል፣ እሷንም እኔ ነኝ ያበላሸኋት።

ይህን ደብዳቤ ቅዳሜ ለሚሳፈር ሰው ሰጥቻለሁ። ለገና የሚገባ ሌላ ሰው ስላለ የሙሽራዋን የጫማ ቁጥር ቶሎ ላክልኝ። እግሯን ሳትለካ በግምት እንዳትነግረኝ፤ ባለፈው የላክሁት ጠብቧት ለጎረቤት እንደሰጠችው ሰምቻለሁ።

እህትህ