«አሜን» ያልኩበት ውሸት

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ዓይንህስ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ እህቴ ናት። እባክህ እስክትጨርስ ድረስ አታስቁማት። በስልክ ልነግርህ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ወኔ ይከዳኛል።

ሥራ የለኝም አባዬ። ከተቀነስኩ ሰባት ወር አለፈኝ። ሰባት ወር ሙሉ፣ በየእሁዱ ማታ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩህ ነበር። ውሸቱ ሳያንስ የእግዚአብሔርን ስም ማኅተም አድርጌ መታሁበት። «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ለሚምሉ ሰዎች ብቻ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ደም ግፊትህን አስቤ። በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሥራ አገኛለሁ፣ ያኔ እነግረዋለሁ አልኩ። ውሸት ግን ባስቀመጡት ቦታ አይቀመጥም። ስለ አለቃዬ ጠየቅከኝ፤ የሌለ ንግግሩን ፈጥሬ ነገርኩህ። እህቴ ጠረጠረች፤ እሷንም ለምኜ አብራኝ እንድትዋሽ አደረግኳት። አትቆጣት። አልፈልግም ብላ ነበር።

ከዚያ አንድ እሁድ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ለአለቃህም እየጸለይኩለት ነው» አልከኝ። ቆሜ ነበር የማወራህ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አንተ አላወቅክም፤ እንደ ልማድህ ትመርቀኝ ጀመር። «የእጅህን ሥራ ይባርክልህ» ትላለህ፣ «አሜን» እላለሁ። «በሥራ ቦታህ ሞገስ ይስጥህ» ትላለህ፣ «አሜን» እላለሁ። አሜን እኮ «እውነት ነው፣ ይሁን» ማለት ነው። እምነት፣ ታማኝ፣ አሜን፣ በግዕዝ ለእውነት የምንለው «አማን»፣ ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። እኔ በሌለ ሥራ ላይ ተመርቄ «እውነት ነው» ብዬ ዘጋሁ። የምትጸልየው በእኔ ስም ለሚጠራ፣ ግን ለሌለ ሰው ነበር። እኔ ራሴ፣ ጸሎት የሚያስፈልገኝ ልጅህ፣ ያለ ጸሎት ቀረሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዘፍጥረት ምዕራፍ 27ን አወጣሁ። ስንት ጊዜ አንብበህልናል! በልጅነቴ ያዕቆብ ጎበዝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ዓይኔ የሄደው ወደ ሽማግሌው ነው። ይስሐቅ አርጅቷል፣ ዓይኑ ፈዟል። ታናሹ ልጁ ያዕቆብ፣ ጸጉራሙን ወንድሙን ዔሳውን ለመምሰል፣ በእጁና በአንገቱ ላይ የጠቦት ቆዳ አድርጎ ገባ። አባቱ ዳሰሰው፤ «ይህ ድምፅ የያዕቆብ ድምፅ ነው፥ እጆቹ ግን የዔሳው እጆች ናቸው» አለ። ተጠራጥሯል እኮ! «አንተ ልጄ ዔሳው ነህን?» ብሎ ደግሞ ጠየቀው። ልጁ «እኔ ነኝ» አለ፤ አባት የልጁን ቃል አምኖ ባረከው። አንተም «ድምፅህ ደክሞብኛል» ብለኸኝ ታውቃለህ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩህ። የእኔ የጠቦት ቆዳ ይህ ነው። ደግሞ ልብ ብለህ ከሆነ፣ ይስሐቅ ስለ አደኑ «እንዴት ፈጥነህ አገኘህ?» ሲለው ያዕቆብ የመለሰው «አምላክህ እግዚአብሔር ስላቀረበልኝ ነው» ብሎ ነው። እሱም እንደ እኔ።

እናቱ ርብቃ ከዔሳው ቁጣ እንዲሸሽ ወደ ወንድሟ ስትልከው «ጥቂት ቀን» ነበር ያለችው። 20 ዓመት ሆነ። እናቱን ዳግመኛ እንዳያት መጽሐፉ አይነግረንም። በጠቦት ቆዳ አባቱን ያታለለው ሰው፣ በኋላ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አመጡለት። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ምዕራፍ 32 ነው። ሌሊቱን ሲታገለው ያደረው «ስምህ ማን ነው?» አለው። ድሮ አባቱም «አንተ ማን ነህ?» ብሎት ነበር፤ ያኔ «ዔሳው ነኝ» አለ። አሁን «ያዕቆብ ነኝ» አለ። በቃ፣ ይህችን ብቻ። አዲሱ ስምም በረከቱም የመጡት ከዚህች መልስ በኋላ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ማምለጫም ፈልጌ ነበር። በግብፅ የነበሩት አዋላጆች ፈርዖንን ዋሽተውት እግዚአብሔር መልካም አደረገላቸው አይደል? እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እነሱ ግን ከገዳይ እጅ ሕፃናት አስጥለዋል። እኔ ያስጣልኩት ሕፃን የለም። ያዳንኩት የራሴን ክብር ነው። ላንተ አዘንኩ እያልኩ፣ ከሥራ የተቀነሰ ልጅ ሆኜ እንዳታየኝ ነበር የምፈራው።

ያን ቀን ታስታውሳለህ? ዘመዳችን ገንዘቡን ሲከፍል አይቻለሁ ብለህ እንድትመሰክርለት ሽማግሌዎች ፊት የወሰደህን። ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆን ነው፤ አጠገብህ ተቀምጬ የኮትህን ጫፍ ይዤ ነበር። «አላየሁም፤ እንዴት አየሁ ልበል?» አልክ። ሌላ ቃል አልጨመርክም። ሰውየው ለስንት ዓመት ሰላምታ ነፈገህ። ማታ እናቴ «ምን ነበረበት?» ስትልህ፣ ጫማህን እየጠረግህ ዝም አልክ። ያን ኮት የያዝኩት እኔ ነኝ አባዬ፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያመኝ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርህ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል እየኖርኩ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሰው መጋዘን ውስጥ ዕቃ እቆጥራለሁ፤ ቋሚ አይደለም። ብድር አለብኝ፤ ብዙ ባይሆንም አለብኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ይህ ውሸት አይደለም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ መነሳት ይከብደኛል፤ ይህም ውሸት አይደለም።

ብትቀየመኝ አይፈረድብህም። ግን እሁድ ማታ ስደውል ስልኩን አንሳው። እንደ በፊቱ «ሥራ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቀኝ፤ እመልስልሃለሁ። ከዚያ ከፈቀድክ መርቀኝ። በዚያ በሌለው ሰውዬ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ። አሜን የምለው ተቀምጬ ነው፣ ቀስ ብዬ።

ልጅህ