ስንዝሮ ብዬ ለጠራሁህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም እናታቸውም ደህና ናቸው። መሐል ሜዳ እንደምታውቀው ነው። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ጀምሯል፤ ማታ ማታ ያለ ባና አይቀመጥም። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ይዟል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ፣ ሳልደውልልህ ኖሬ ዛሬ ምን አስታወሰው ትል ይሆናል። ያስታወሰኝ የአያቴ ተረት ነው። የስንዝሮ ተረት።

ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ተረት ነገርኳቸው። “ተረት ተረት” ስላቸው “የላም በረት!” ብለው ክፍሉን አናጉት። ልክ አያቴ ትነግረን እንደነበረው አድርጌ ነገርኳቸው። አንተ እኛ ቤት ያደርክ ማታ፣ ኩበቱ እየጨሰ፣ አንድ ሰፌድ ቆሎ መሐላችን ተቀምጦ፣ ታስታውሳለህ? ወንድሞቹ የናቁት ስንዝሮ የደረቀ የከብት ቆዳ ተሸክሞ ዛፍ ላይ ይወጣል። ሌቦች መጥተው ከሥር ቁጭ ብለው የሰረቁትን ብር ይካፈላሉ። ስንዝሮ ቆዳውን ሲለቅባቸው ሰማይ የተናደ መስሏቸው ብሩን ጥለው ይፈረጥጣሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ደቃቃ ልጅ ግን አልሳቀችም። እጇን አወጣችና “ቲቸር፣ ስንዝሮ እናቱ ያወጣችለት ስም ነው ወይስ ሲሰድቡት ነው?” አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ፊቴ ላይ ድቅን ያልከው አንተ ነህ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሌላውን አገር ስንዝሮዎች ሳነብ ሰነበትኩ። ለካ የሌለበት አገር የለም! ጃፓኖች ኢሱንቦሺ ይሉታል፤ አንድ ሱን የሚያህል ልጅ ማለት ነው። ሱን የድሮ መለኪያቸው ነው፣ 3 ሴንቲሜትር ገደማ። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ለምነው ያገኙት ልጅ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ቁመቱ አልጨመረም። አንድ ቀን አገር ልይ ብሎ ተነሳ። መርፌ ሰይፉ፣ የጭድ አገዳ ሰገባው፣ የሾርባ ሳህን ጀልባው፣ የመመገቢያ እንጨት መቅዘፊያው። እንዲህ አድርጎ ወንዙን ቀዝፎ ኪዮቶ ገባ፤ አንድ ትልቅ ሰው ቤትም አገልጋይ ሆነ። የቤቱን ሴት ልጅ ሊነጥቅ የመጣ ጭራቅ ሲውጠው ሆዱን ከውስጥ በመርፌው ይወጋጋው ጀመር። ጭራቁ አልቻለም፣ ተፍቶት ሸሸ። እስከዚህ ድረስ ነፍስ ያለው ተረት ነው። ከዚያ ግን ጭራቁ ጥሎት በሄደው የምኞት መዶሻ ያስረዝሙትና እንደ ሰው ቁመት አውጥቶ ልጅቷን ያገባል። ይህን መጨረሻውን አልወደድኩትም። ያን ሁሉ የሠራ ልጅ ምን ጎድሎት ነው የሚያስረዝሙት?

የጀርመኖቹ ይሻላል። ተረት ሰብሳቢዎቹ የግሪም ወንድማማቾች እንደ ፈረንጆቹ በ1819 በወጣው የተረት መጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም ያስገቡት ነው። እናቱ አውራ ጣት የሚያህል እንኳ ቢሆን ልጅ ይኑረኝ ብላ ተመኝታ የወለደችው። አባቱ እንጨት ሊቆርጥ ጫካ ሲሄድ ጋሪውን በኋላ የሚያመጣለት ሰው ያጣል። ልጁ “እኔ አመጣዋለሁ” ብሎ ፈረሱ ጆሮ ውስጥ ቁጭ አለና ቀኝ፣ ግራ እያለ ነዳው። መንገደኞቹ ድምፅ ይሰማሉ፣ ነጂ ግን የለም! በኋላ ላም ከድርቆሽ ጋር ትውጠዋለች፤ ሆዷ ውስጥ ሆኖ “ድርቆሽ በቃ!” እያለ ይጮኻል። ላሟ ስትታረድ ደግሞ ጨጓራዋን ከነልጁ ተኩላ ይውጠዋል። እሱም ተኩላውን በምግብ አባብሎ ወደ አባቱ ቤት ይመራዋል። ሲወጣ ያው አውራ ጣት ነው። ማንም አላስረዘመውም።

እንግሊዞች የራሳቸውን በ1621 አትመውታል፤ የእነሱንም ላም ውጣዋለች። በ1697 የታተመው የፈረንሳዮቹ ደግሞ ከሰባት ወንድማማቾች የመጨረሻው ሆኖ፣ ነጭ ጠጠር መንገድ ላይ እየጣለ ወንድሞቹን ከጫካ ይመልሳል። የደቡብ አፍሪካዎቹ የዙሉዎች ኡህላካንያና ገና ሳይወለድ ከእናቱ ሆድ ውስጥ ይናገራል። ተንኮሉ ስለሚበዛ ግን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።

አብዛኞቹ ልጁን የጠሩት በመለኪያ ነው። እኛ በስንዝር፣ አውሮፓውያኑ በአውራ ጣት፣ ጃፓኖቹ በሱን። ተረቱ ውስጥ ስትገባ ግን ልኩን የሚያነሳው የለም። የሚነሳው የገባበት ቦታ ነው። የፈረስ ጆሮ፣ የላም ሆድ። ትልቅ ሰው የማይገባበት።

አንተም ገብተሃል። ጓሳ አጠገብ በግ ስንጠብቅ የአባቴ ግልገል ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀች። እኔ ልገባ ብል ትከሻዬ ያዘኝ። ጋቢህን አውልቀህ ሰጠኸኝና በጭንቅላትህ ገባህ። እግርህ ብቻ ቀረ፣ ቆይቶ እሱም ጠፋ። እኔ ውጭ ጋቢህን አቅፌ አለቅሳለሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከመሬት ሥር ድምፅህ መጣ፦ “ጆሮዋን ይዣታለሁ! እግሬን ጎትት!” ስትወጣ ግንባርህ ተልጧል፣ ግልገሏ ብብትህ ሥር ናት። አባቴ ያን ቀን አልገረፈኝም፤ በአንተ ምክንያት ነው። ማታ ለሰፈሩ ልጆች ሳወራ ግን ያንተን ስም አልጠራሁም። “ስንዝሮ ጉድጓድ ገባ” ነው ያልኩት። ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ።

በሰርግህ ቀን ደግሞ ሚዜህ ሆኜ፣ በሙሽራዋ ዘመዶች ፊት ማይክ ይዤ “ስንዝሮአችን ዛሬ ሰው ሆነ!” አልኩ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። አንተ የጠጅ ብርሌህን ቀስ ብለህ አስቀመጥክ። ቀና ብለህ አላየኸኝም። ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልኩ፣ አፈርኩ፣ እፍረቱ ሲያድር ዝምታ ሆነ። የጃፓኑን መዶሻ ያልወደድኩትም ለዚህ ይመስለኛል። አንተ ሰው የሆንከው ስንጥቁ ውስጥ የገባህ ቀን ነበር፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ።

ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ለልጅቷ እስካሁን አልመለስኩላትም። አንተን ሳልጠይቅ መመለስ አልፈለግኩም። ለገና ባለቤትህንና ልጆችህን ይዘህ ና። ክፍሌ ወስጄህ አንተው ትመልስላታለህ። የግልገሏን ነገር ግን እኔ ነኝ የምነግራቸው፣ እናትህ ባወጣችልህ ስም። ስልኬ ያው ነው።

የሚወድህ ወንድምህ