ለልጄ፦ እንግሊዝኛሽ የትም አልሄደም

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሚጣ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ምንም አልተለወጠም።

እሁድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። «አባዬ፣ 12 ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ እዚህ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ካሸሯ ያለችኝ አንዱም አልገባኝም፤ በከንቱ ነው የለፋሁት» አልሽ። እናትሽ ስልኩን ነጠቀችኝና መልስ ሳልሰጥሽ ቀረሁ። ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ደግሞ እንዲህ ተብሎ ዝም አይልም።

በከንቱ አልለፋሽም። የተማርሽው ግን የዓይን እንግሊዝኛ ነው፤ የጆሮ አይደለም። እስቲ ክፍላችሁን አስታውሺው። 60፣ 70 ተማሪ ተጣቦ ተቀምጧል። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ መሀሉን ክፍት ይተዋል፣ እናንተ ትሞላላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ስትገቢ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ያም ቢሆን ኖት መገልበጥ ነበር። ማትሪክ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ማጥቆር ነው። ተናገሪ፣ አዳምጪ የሚል ፈተና መቼ ገጥሞሽ ያውቃል? ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ክፍል ውስጥም አይመጣም። ተማሪውም አስተማሪውም ለማትሪክ ነው የሚሮጠው።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲገባ የተማሪው ጆሮ ይከፈታል ብለን ነበር። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስላት «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች። ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜውም አብሮ ሄደ። አንቺ ስትደርሺ ስክሪኑ አቧራ ለብሶ ነበር።

የእኔን ጆሮ ያሟሸው ሬዲዮ ነው። የአሜሪካ ድምፅ በፈረንጆቹ 1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የሚባል ዝግጅት ጀምሮ ነበር። 1,500 ገደማ በሚሆኑ ቀላል ቃላት፣ ቀስ ተብሎ የሚነበብ። ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እተኛ ነበር። የቆዩት ዝግጅቶች ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ባስ ስትጠብቂ ስሚያቸው።

ካሸሯ ያለችሽን ቃል በቃል ብትጽፍልሽ አንዱም አዲስ አይሆንብሽም። ተጣብቆና ግማሹ ተውጦ ስለመጣ ነው። አማርኛ ከመጽሐፍ የተማረ ፈረንጅም ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ፣ ሂሳብ ከኋላ!» ሲለው እንዳንቺው ነው የሚሆነው።

ዱባይ ያለችውን የጎረቤታችንን ልጅ ደግሞ እይ። ስምንተኛን ሳትጨርስ ነው የሄደችው። የምትሠራበት ቤት አንዲት ፊሊፒናዊት አለች፤ የሁለቱ መግባቢያ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ስታወራ ትናንት የለ፣ ነገ የለ፣ ሁሉንም ባሁን ጊዜ ነው የምታስኬደው። ግን አትደናቀፍም! እኔ ያስተማርኳቸው የ12ኛ ክፍል ጎበዞች እንደሷ አያወሩም። ቅጽ ሙዪ ወይም ውል ፈርሚ ሲሏት ግን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። አንቺ ያንን ቅጽ ቡናሽን እየጠጣሽ ትጨርሺዋለሽ። ከሁለታችሁ የማን ጉድለት ቶሎ ይሞላል ብትይኝ ያንቺ እልሻለሁ። ቃሉም ሰዋስውም እጅሽ ላይ ነው፤ የጎደለሽ የምታወሪው ሰው ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ እዚያው አማርኛ ውስጥ እንዳትቀሪ ነው። አክስትሽ እዚያ ስንት ዘመኗ ነው፤ እንጀራው በአማርኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአማርኛ፣ ሥራዋ የሐበሻ ምግብ ቤት። ዋሽንግተን ዲሲ በፈረንጆቹ 2004 የቋንቋ ሕግ ስላወጣች የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ በአማርኛ ያስተናግዳሉ። ለአክስትሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ያወጡትን ይባርካቸው። አንቺ ግን ገና ልጅ ነሽ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከኋላ ሽንኩርት ከምትከትፊ ከፊት ሆነሽ ትእዛዝ ልቀበል በያቸው። እምቢ ካሉሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

የማታ ትምህርት ቤት አብራሽ ስለምትማረው ሳልቫዶራዊት ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። እንግሊዝኛውን እየሰባበረች ሳታፍር ታወራለች አልሽ። በቃ፣ ከሷ ጎን ተቀመጪ። ከሐበሾቹ ጋር ከተቀመጥሽ ወግ ትይዛላችሁ። እኛ አገር አንድ ልጅ ሲሳሳት ክፍሉ ይስቅበታል፤ ጎበዙም ሳይቀር አፉን የሚይዘው ለዚህ ነው። እዚያ ያሉት ሁሉም እየሰባበሩ ነው የሚያወሩት፣ ማን በማን ይስቃል? ያልገባሽን ደግሞ ድገሙልኝ በይ። ገባኝ ብለሽ ራስሽን እየነቀነቅሽ እንዳታልፊ፤ እሱ የሐበሻ አመል ነው።

የፊታችን እሁድ ስትደውዪ ለእኔ በእንግሊዝኛ አውሪኝ። ሥራሽን፣ ባሱን፣ ካሸሯን፣ ያገኘሽውን ሁሉ። ስህተትሽን መሀል ላይ አላርምሽም፣ ቃሌ ነው። እናትሽ ከመጣች ግን ቶሎ ወደ አማርኛ እንመለስ፤ «እያማችሁኝ ነው» ማለቷ አይቀርም።

አባትሽ