ፎርሙን ሳትሞላ ይችን አንብብልኝ

የኔ ጌታ እንዴት ሰነበትክ፣ እኔ ደህና ነኝ ተመስገን፣ ጉልበቴ ብቻ ነው ከደረጃው ጋር የተጣላው። ኮንዶሚኒየም ደረሰን ብለን እልል ብለን የገባንበት ቤት አራተኛ ፎቅ መሆኑ የገባኝ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ነው። ቱሉ ዲምቱን ያው ታውቃታለህ፣ ከሰአት ንፋሱ ሲነሳ አቧራው ያሰጣሁትን ልብስ ሁሉ እንደገና ያሳጥበኛል።

ትናንት በስልክ ዝም ያልኩህ ኔትወርክ ተቆራርጦ አይደለም፣ ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ነው። አለቃህ ኮንትራትህን ቋሚ ለማድረግ "ይችን ሙላና አምጣ" ብሎ የፓርቲ አባልነት ፎርም ሰጠህ፣ አንተም "እማ ወረቀት አይደል እንዴ፣ ሁሉም ሞልቷል" አልከኝ። እውነትህን ነው ወረቀት ነው። ግን ያንን ወረቀት እኔ አውቀዋለሁ፣ ለዛ ነው የምጽፍልህ፣ በቴሌግራም ቮይስ ብልክልህ ደግሞ ማልቀሴ አይቀርም አንተም ስራ ቦታ ነው የምትሰማው።

እኔ ሞልቼዋለሁ ልጄ። ነግሬህ አላውቅም፣ አፍሬ ነው። አባትህ ካረፈ በኋላ ነው፣ አንተ ገና ፊደል ስትቆጥር፣ ዳይሬክተሩ መምህራኑን አንድ በአንድ ቢሮ እየጠራ ሻይ ያስመጣል፣ ስለ ደረጃ እድገት ያወራል፣ ስለ ክረምት ስልጠና ያወራል፣ መጨረሻ ላይ ከመሳቢያው ወረቀቱን ያወጣል። ማንም አላስፈራራኝም፣ እሱን አልዋሽህም። የቤት ኪራዬን አሰብኩ፣ ያንተን ወተት አሰብኩ፣ ጎመን በጤና አልኩና ፈረምኩ። የትኛው ፓርቲ እንደነበር አልጽፍልህም፣ ነገሬ ከስሙ ጋር አይደለም፣ ስም ሲቀየር አይቻለሁ መሳቢያው ግን ያው ነው።

የዛኑ ቀን ከሰአት ክፍለ ጊዜ ነበረኝ፣ ስነ ዜጋ፣ ርእሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የመድብለ ፓርቲ ስርአት! አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ቀጭን ልጅ እጁን አውጥቶ "ቲቸር አንድ ሰው ግን ፓርቲ ካልገባ ምን ይሆናል?" አለኝ። ምን ብዬ መለስኩ መሰለህ፣ ደብተራችሁን አውጡ አልኩ።

ከዛማ መዋጮው ከደሞዜ ላይ መቆረጥ ጀመረ፣ ቅዳሜ ስብሰባ፣ እሁድ ስብሰባ፣ አንተ ጎረቤት ቤት እያደርክ። እሱ ምንም አይደለም። የማይወጣልኝ ሌላ ነው። አብሮኝ የሚያስተምር የሂሳብ መምህር ነበር፣ ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ደሞዝና ስለ ኑሮ አንድ ሁለት ነገር ተናገረ፣ ሁላችንም ሰምተን የሳቅንበት ወሬ ነው። ግምገማ ላይ ተነሳበት። አፍራሽ አመለካከት አለው ተባለ፣ ሰብሳቢው በዚህ የሚስማማ እጁን ያውጣ አለ፣ እኔም አወጣሁ። ቀጥ አድርጌ እንኳን አይደለም፣ ግማሽ እጅ፣ ግን ሲቆጠር ሙሉ ነው የተቆጠረው። በወሩ ሁለት ታክሲና አንድ ባስ የሚያስይዝ ትምህርት ቤት መደቡት።

ይሄንን ያደረገችው ሴትዮ ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ግንቦት 7 ቀን 97 አንተን አዝላ ከሌሊቱ አስር ሰአት ጀምሮ ጨርቆስ ሰልፍ የያዘችው ናት። ያን ቀን የነበረውን ነገር ለናንተ ማስረዳት ይከብደኛል። ሰዉ ጋቢ ለብሶ፣ አሮጊቶች በርጩማ ይዘው፣ አንተ ስታለቅስ የማላውቃቸው ሰዎች እየተቀባበሉ ሲያባብሉህ፣ ተራዬ የደረሰው ከሰአት ነው። ለማን እንደሰጠሁ እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ድምጽ ሚስጥር ነው ብዬ የማስተምረው እኔው ነኛ። ውጤቱ ሲመጣ የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር በሙሉ ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ፣ ገዢው ፓርቲ ኢህአዴግ በከተማው ዜሮ። ለካ ይቻላል ብለን ነበር። ከዛ የሆነውን ታሪክ ላይ አንብበኸዋል፣ በሰኔና በጥቅምቱ ተኩስ አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠረው ሲቪል ሟች ብቻ 193 ነው። ስድስት ፖሊስም ሞቷል፣ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው።

ከዛ በኋላ ያለውን ቁጥር ተከተለኝማ። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር ኢህአዴግና አጋሮቹ 545 ያዙ፣ ለተቃዋሚ አንድ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ቀረ። በ2007 እሷም በዝታ 547 ከ547። መቶ በመቶ! እኔ ክፍሌ ውስጥ ሁሉም ተማሪ መቶ ካመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኩረጃ ነው። እና ያ ሁሉ ሰው የመረጠው መንግስት ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ህዳር 2008 ላይ፣ እዚሁ አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞችና በመላው ኦሮሚያ ህዝቡ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ባንድ የሚያቅደውን ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተነሳ፣ ስንት ሰው ካለቀ በኋላ ጥር ላይ እቅዱ ተሰረዘ ተባለ፣ ነገሩ ግን አልበረደም፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፣ የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቂያ አስገቡ።

እኔ ይሄን የምልህ ቁጥር ለመደርደር አይደለም። የግቢያችንን ጥበቃ አባባን ታውቃቸው የለ፣ ሳንቲም እየሰጡ ኳስ ግዛ የሚሉህ። እኛ ብሎክ ያለበት የሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር፣ ፓርኪንጉ ጋ ሽምብራ ነበር የምዘራው ይሉኛል፣ አሁን ያንኑ መሬት በደሞዝ ይጠብቁታል። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን፣ መሬቱ ሲወሰድ ፓርላማ ላይ የመረጡት ሰውዬ ምን አለ አልኳቸው። ሳቁ። "እጁን አወጣ" አሉኝ።

በቃ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለህገ መንግስቱ፣ ለህዝቡና ለህሊናው ነው ይላል፣ ፓርቲ የሚል ቃል እዛ ዝርዝር ውስጥ የለም። በተግባር ግን ሰውዬው ፓርቲውን ፈርቶ ነው ውሎ የሚገባው፣ ልክ እኔ ዳይሬክተሩን እንደፈራሁት። ሁሉም እጁን ሲያወጣ ደግሞ ከላይ ያለው ሰው የሚሰማው ጭብጨባ ብቻ ነው፣ አባባ ማሳቸው ላይ ቆመው ያለቀሱት ለቅሶ አይደርሰውም፣ ሲደርሰውም በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ነው የሚደርሰው። ተቃዋሚ የሚያስፈልገው ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፣ አንድ ቆሞ "ቆይ እስቲ" የሚል ሰው እንዲኖር ነው።

ቅዱስ ሲባልማ፣ ተቃዋሚዎቹም ቢሆኑ ጉዳቸው ብዙ ነው። ቅንጅት መሪዎቹ በ99 ከእስር ሲወጡ እንዴት እንደተሰነጣጠቀ አይተናል፣ አሁንም ሊቀመንበሩን መለወጥ የሚከብደው ፓርቲ ሞልቷል፣ ምርጫ ሲደርስ ብቻ የሚነቃ። ለነሱም ጥብቅና እየቆምኩ አይደለም።

አሁን ያለው ገዢ ፓርቲ ደግሞ በ2013 ምርጫ ከ436 ወንበር 410 አሸንፏል፣ አሸነፈ እንበል፣ ያሸነፈ መንግስት ይመሰርታል፣ ህጉም ያንን ነው የሚለው። ግን መንግስት መመስረትና መንግስትን የግል እቃ ማድረግ ይለያያል። ባለፈው እዚህ አዳራሽ ስብሰባ ጠርተውን አንዱ ካድሬ ተነስቶ "ፓርቲያችን አስፋልት ሰራላችሁ ፓርቲያችን ዘይት አመጣላችሁ" ይላል፣ ከኋላዬ ያለች ሴትዮ ቀስ ብላ "ዘይቱን እኮ ገዝተነው ነው" አለች፣ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። አስፋልቱም በግብራችን ነው፣ ያንተም ደሞዝ ከህዝብ ካዝና ነው፣ ታዲያ ፓርቲው በየት በኩል ገብቶ ነው ለዛ ስራ ፎርም የሚያስሞላው? ድሮ ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ ይባል ነበር፣ ይሄን እንዲቀይርልን ነው ህገ መንግስት የጻፍነው።

አትግባ እያልኩህ አይደለም ስማኝ። ፕሮግራማቸውን አንብበህ አምነህበት ከሆነ ግባ፣ እኔ ብጠላውም ልጄ ነህ፣ ቤት ስትመጣ ወጡን እየበላን እንከራከራለን። አንቀጽ 38 ንኡስ 2 የፖለቲካ ድርጅት አባል መሆን በፍላጎት ነው ይላል፣ በፍላጎት! ስራ ያጣ ልጅ ፊት ወረቀት ዘርግቶ ፍላጎት የለም። ለእንጀራ ብለህ ከገባህ ግን እጅህን አውጣ የምትባልበት ቀን ይመጣል፣ ያን ቀን ተቃውሜ ማለት አትችልም፣ እኔ አልቻልኩም።

እንዲህ አድርግ። አለቃህ ጋ ግባና በትህትና፣ ድምጽህን ሳታነሳ፣ "እሺ ጋሼ፣ ግን ቋሚ ለመሆን አባልነት ያስፈልጋል የሚል ደብዳቤ በማህተም ይስጡኝ፣ ለፋይሌ ነው" በለው። አይሰጥህም። ሊሰጥህ አይችልም፣ እንዲህ የሚል ህግ የለማ። ብቻህን ግን አትግባ፣ የፈረሙትም ቢሆኑ ሁሉም ወደውት አይደለም፣ አንድ ሁለት ጓደኛ አናግር። ኮንትራቱን ካላደሱልህም አልጋህ እንዳነጠፍከው ነው ያለው፣ እኔ ቱቶሪያል እጨምራለሁ፣ አንበላም አንጠጣም አንልም።

ያ የሂሳብ መምህር ደግሞ፣ ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። ሸብቷል። እኔ ልሸሸው ስል ጠጋ ብሎ እቅፍ አድርጎ ሳመኝ፣ ስላንተ ጠየቀኝ፣ አንድ ታክሲ ገባን፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲል "የሁለት ሰው ውሰድ" አለው። ሳሪስ እስክንደርስ የዛን ቀኑን እነግረዋለሁ እነግረዋለሁ ስል ወራጅ ብሎ ወረደ። ስልኩን ተቀብያለሁ።

ሽሮና በርበሬ በጎረቤታችን ልጅ ልኬልሃለሁ፣ አርብ ይደርስሃል፣ ሽሮው ላይ ነጭ ሽንኩርት ስላለበት እንደገና አትጨምርበት። አለቃህ ያለህን ማታ ከሁለት ሰአት በኋላ ደውለህ ንገረኝ፣ ያኔ ኔትወርኩ ይሻላል።

እናትህ