ካይሮ ላይ የምትገቡበት ክፍል ስንት ሰው ይይዛል?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ በካይሮ የሆድ ዳንስ ፌስቲቫሎች ስላለው የተማሪ ብዛትና የክፍል ሥርዓት

ወደ ካይሮ ፌስቲቫል ይዘናችሁ ከሄድንበት ካለፈው ጉዞ ስንመለስ ከብዙዎቻችሁ የሰማነው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ስምንት ሆናችሁ ነው የምትማሩት፤ እዚያ ግን መምህሯን ለማየት በእግር ጣት መቆም ነበረባችሁ። ሁለታችሁማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምሰሶ ተጋርዶባችሁ ያያችሁት የመምህሯን ጸጉር ብቻ ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው። ጥፋቱም የእኛ ነው፤ ሳንሄድ መንገር የነበረብንን አልነገርናችሁም።

የፌስቲቫል ክፍል እንደ ስቱዲዮ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሆቴል አዳራሽ ነው፤ መስታወት የለውም፣ ወለሉ ምንጣፍ ሊሆን ይችላል። መምህሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይደንሳል፤ ተማሪው እያየ ይከተላል። ግብጻዊቷ የዳንስ መምህርት ራቂያ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2000 «አህላን ዋ ሳህላን» የተባለውን ፌስቲቫል ካይሮ ላይ ከጀመረች ወዲህ፣ ከየአገሩ የሚመጣ ዳንሰኛ በጥቂት ቀናት ከብዙ መምህራን መማር ለምዷል። ስመ ጥር መምህር ያለበት አዳራሽ ደግሞ መሙላቱ አይቀርም። ይህን እኛ አንለውጠውም። የትኛው ትምህርት ብዛት እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል ግን ልንነግራችሁ እንችላለን።

ባላዲ የሚባለው የሰፈር ዳንስ ከቦታ ብዙ ሳይንቀሳቀሱ የሚደንሱት ነው። ሥራው ዳሌ ላይ ስለሆነ ለአንድ ሰው ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል። ባዲያ ማሳብኒ እ.ኤ.አ. በ1926 ካይሮ ውስጥ የምሽት ክበቧን ከፍታ ዳንሰኞቿን ሰፊ መድረክ ላይ ካወጣች በኋላ ግን ዳንሱ ከቦታው ተነሣ። ክንድ ተዘረጋ፣ መዞርና መድረኩን ማቋረጥ መጣ፣ በኋላም ስስ ሻሽ ተጨመረ። ዛሬ ራቅስ ሻርቂ የምንለው ይህ ነው፤ ቦታ ይፈልጋል። ሻሹ ብቻውን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ 150 ካሬ ሜትር አዳራሽ ውስጥ 70 ሰው ባላዲ ቢማር ይጠባል እንጂ ይሆናል። በዚያው አዳራሽ ለሻሽ ትምህርት 30 ሰው እንኳ በዛ ባይ ነን።

ከሁሉም የምንፈራው የዱላውን ክፍል ነው። ሳኢዲ የሚባለው ዳንስ መነሻው ታህቲብ፣ የላይኛው ግብጽ ወንዶች የዱላ ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የማህሙድ ሬዳ የባህል ጭፈራ ቡድን በመድረክ ካስተዋወቃቸው ውዝዋዜዎች አንዱም ይኸው ነው። በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ አርባ ዱላ ባንዴ ሲሽከረከር ምን እንደሚመስል ግንባሯ ያበጠው እህታችን ትንገራችሁ።

ወደ ሥርዓቱ እንምጣ። መምህሩ «መስመር ቀይሩ» ሲል የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋለኛው ወደ ፊት ይመጣል። ከፊት የቆመ ሰው እንዳልሰማ ሆኖ መቅረቱ እዚያ ትልቅ ነውር ነው። ከእኛም ሰው ያደረገው አለ፤ ማን እንደሆነ አንናገርም። ቦርሳ አስቀምጦ ለጓደኛ ቦታ መያዝም እንደዚያው ነው። አርፍዶ የመጣ ከኋላ ይቆማል። የሳንቲም መቀነታችሁ ያማረ ቢሆንም መምህሩ ሲያስረዳ ዳሌያችሁን ጸጥ አድርጉ፤ ስልሳ መቀነት ሲንሿሿ የሚሰማ ነገር የለም። ቪዲዮ ሳይፈቀድ አይነሣም። ብዙ መምህራን በመጨረሻ አንድ ጊዜ ሙሉውን ሲደንሱ ይፈቅዳሉ፤ ያኔም መቅረጽ ያለባችሁ መምህሩን እንጂ አጠገባችሁ ያለችውን አይደለም።

ጎረቤታችሁ ስትሳሳት አታርሟት። ካይሮ የሄደችው ከእናንተ ልትማር አይደለም።

አንድ ነገር ለእኛ አገር ሰው ብቻ እንበል። እስክስታ የለመደ ትከሻ እዚያ ያስደንቃል፣ ያስጨበጭባልም። ነገር ግን ማቅሱም የሚባለው ምት በአራት የሚቆጠር ነው፣ እስክስታችን ግን ብዙውን ጊዜ በስድስት ነው የሚሄደው። ትከሻችሁ በለመደው ከሄደ ዳሌያችሁ ይጠፋባችኋል። ለማታው ጨዋታ አቆዩት፤ እኛም አብረን እንወርዳለን።

ከዚህ በኋላ የሚለወጠው ይህ ነው። በአንድ ጉዞ ከአሥር ሰው በላይ አንወስድም። ባለፈው በቀን አራት ክፍል አስመዝግበናችሁ ነበር፤ አሁን ሁለት ይበቃል። አራት ክፍል የገባ ሰው ማታ ላይ የሚያስታውሰው የእግሩን ሕመም ነው። ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ የቀኑን ትምህርት ለአንድ ሰዓት እንከልሳለን፤ ሂሳቡ ጉዞው ውስጥ ነው። የሻሽና የዱላ ትምህርት የምትፈልጉትን ፌስቲቫሉ ላይ አናስመዘግብም፤ እዚያው ካይሮ ውስጥ በትንሽ ስቱዲዮ፣ በትንሽ ቡድን እንድትማሩ እናደርጋለን። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ልዩነቱንም ሳትከፍሉ በፊት በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን።

ትንሽ ክፍል ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችን ግን አይደለም። ሙዚቃውን ሰምቶ፣ መምህርን ዝም ብሎ መከተል የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ስምንት ሰው ባለበት ክፍል ያ ሙቀት አይገኝም። ስለዚህ በቀን ከምትገቡባቸው ሁለት ክፍሎች አንዱ ትልቅ አዳራሽ እንዲሆን እንመክራለን።

ምሰሶ የጋረዳችሁ ሁለት ደንበኞቻችን፣ እዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ለየብቻ የሁለት ሰዓት ትምህርት ያለ ክፍያ አዘጋጅተንላችኋል። የሚመቻችሁን ቀን ንገሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የስቱዲዮው አዘጋጆች