ምንም አልጠፋብሽም

ሐይቅ፣ ወሎ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ የኔ ዓለም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ጓሮውን ሲኮተኩት ይውላል።

በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። «እማ፣ የሸለምጥማጧን የራስ ቅል ሳጥብ አንድ ጥርስ ጣልኩ፤ 40 መሆን ሲገባው 39 ነው» ስትይ ድምፅሽ ተሰበረብኝ። ትናንት ቅሉን ከመደርደሪያው አውርጄ በረንዳ ላይ፣ ብርሃኑ ሳይሸሽ፣ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ልጄ፣ ምንም አልጠፋብሽም።

ከታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል፣ ከክራንቻው ኋላ ያለውን ቦታ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ልሙጥ አጥንት ነው። በቀኝ በኩል እዚያው ቦታ ላይ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ባለ አንድ ሥር ጥርስ ቆማለች፤ ከቅድመ መንጋጋዎቹ፣ ማለትም በክራንቻውና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ካሉት፣ የመጀመሪያዋ ናት። እንዲህ ያሉ ጥርሶች ሥጋው ሲበሰብስ በቀላሉ ስለሚወልቁ መደንገጥሽ አይገርመኝም። ነገር ግን ከሞት በኋላ የወለቀ ጥርስ ጉድጓዱን ጥርት አድርጎ ትቶ ይሄዳል፤ የጉድጓዱ ጠርዝም ስል ነው። እንስሳው በሕይወት እያለ ከወለቀ ደግሞ አጥንቱ ጉድጓዱን ቀስ በቀስ ይሞላዋል፤ መግል ይዞ ከነበረም የተበላው አጥንት ይመሰክራል። ያንቺዋ ላይ ጉድጓድም ጠባሳም የለም። ከመጀመሪያውም ያልበቀለች ትመስለኛለች።

ይህ ደግሞ በሥጋ በል አራዊት ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ሥጋ የሚቆርጡት ትልልቆቹ፣ ማለትም የላይኛው አራተኛ ቅድመ መንጋጋና የታችኛው አንደኛ መንጋጋ ጥርስ፣ እንደ መቀስ ገጥመው ስለሚሠሩ ያለ እነሱ ኑሮ ይከብዳል። ከረድፉ ዳርና ዳር ያሉት ትንንሾቹ ግን ቢጎድሉም እንስሳው አድኖ ያድራል። በቦረና ሳይንት ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ እንኳ 42 ጥርስ አለው እየተባለ፣ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ አልፎ አልፎ ይታጣበታል። ቅድመ መንጋጋዎቹም ትንንሽና የተራራቁ ናቸው። አንቺንስ በፍንጭትሽ ሰው ሁሉ ያሞግስሽ የለ? የበሽታ ምልክት ነው ያለሽ አለ?

ያስተማርኩበትን ዘመን ሳስብ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። አንድ ተማሪዬ ከሐይቁ ዳር ያገኘውን የተኩላ መንጋጋ ይዞ መጥቶ «መምህርት፣ እዚህ ጋ ሁለት ክራንቻ አለ» አለኝ። እጄ በጠመኔ ተይዞ ነበርና ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ «ያልወለቀ የወተት ጥርስ ነው» አልኩት። ምናልባት ነበር። የወተቱ ክራንቻ ግን ቀጭንና ሹል ነው፤ ተደርቦ የበቀለው ትርፍ ጥርስ ጎረቤቱን ያክላል። አንድ ጊዜ ማየት ይበቃኝ ነበር። ልጁ አፍሮ መንጋጋውን ከግቢው ውጭ ጣለው። በማግስቱ ፈልጌ አጣሁት። ዛሬም ድረስ ያ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ይታየኛል።

ስለዚህ በማስታወሻሽ ላይ «በእኔ ጥፋት የጠፋ» ያልሽውን ሰርዢው። «ያልበቀለ» ብለሽ ለመጻፍም አትቸኩዪ። ጥርስ አንዳንዴ ሳይወጣ አጥንት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ እሱን የሚያሳየው ራጅ ብቻ ነው። ቅሉን በጥጥ ጠቅልዬ፣ በቡና ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ፣ ቅዳሜ ወደ አንቺ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቼዋለሁ። የታችኛውን መንጋጋ ግራና ቀኙን ለየብቻ በራጅ እንዲያነሱልሽ መምህርሽን ለምኚ። ድጋሚ አትጠቢው። ውጤቱን እንዳየሽ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደውዪልኝ።

እናትሽ